ከኋላው ማን አለ?

"በነጻ ነው" ስንል ማን ሰምቶ ያምነናል፤
ተማም ባለባጃጁ ዳር ይዞ ይቆማል፣
ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን ያሰግጋል፦
"ምዝገባው ስንት ነው?"
"ባዶ።"
"አንደኛ የወጣስ?"
"ቆርኪ ይሸለማል።"
ይስቃል ተማም። ደግሞ ይጠረጥራል።
"ያለ ነገርማ አይሆንም፤
ንገረኝ እስቲ፣
ከኋላው ማን አለ?"

ከኋላው እኔ አለሁ።
ቀልዴን አይደለም፤ ሥራዬ ይኸው ነው።
ቅዳሜ በማለዳ ከኪቶ በር ወጥቶ፣ ቦዬን ዞሮ ሲገባ
ያ ሁሉ እግር፣ ያ ሁሉ ሰው፣
ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ ከሁሉ ኋላ የምሄደው፣
ቀይ የቀባናቸውን የዘይት ጀሪካኖች
ከመንገዱ ዳር ለቅሜ የማነሣ፣
ከእኔ ወዲያ ሰው እንዳይቀር
የተመደብኩ፣ በፈቃዴ ኋላ ቀር።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።
ለፋብሪካው ቡድን ስሮጥ
ሁለተኛ የወጣሁ ለታ እራት ጥዬ አድር ነበር፤
የሰው ጀርባ ማየት ስድብ ይመስለኝ ነበር።
ጉልበቴ እምቢ ሲል ነው ጀርባ ማንበብ የተማርኩት፦
የነርስ ምንትዋብ ትከሻ ከሌት ተረኝነት መዛሉን፣
ላስቲኩ ያለቀ የመምህር ገመቹ ቁምጣ
በሲባጎ መታሰሩን።

ሸምሲያ የመጣችው በነሐሴ ጭቃ።
"ስኳር ነው፣ ተንቀሳቀሺ" ብሏት ሐኪሙ፤
እሷ ግን ያለ ጉዳይ መንገድ ወጥታ አታውቅ፣
ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ መጣች፣
ላየ ሰው ገበያ የምትሄድ እንድትመስል።

ኢብሳ ስልኩን ይዞ ሰዓት የሚቆጥረው
ደወለልኝ፦ "ባትሪዬ አለቀ፣ የት ቀራችሁ?"
"ቦዬ ነን፣" አልኩት፣ "ጉማሬ እያየን።"
ጉማሬ አልነበረም።
ሸምሲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ
የጫማዋን ጭቃ በቄጠማ ትጠርግ ነበር።
"ሂድ፣ ተወኝ" አለች።
"አልችልም" አልኳት፣ "ከቀደምኩሽ ያባርሩኛል።"
ያኔ ሳቀች።
ያኔ ተነሣች።

አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብን።
ቢፍቱ ደብተሯን በላስቲክ ከዝናቡ ጋርዳ ቆማለች፤
በጥፍር ቀለም ዘጠና አራት የተጻፈበት ቆርኪ
በሸምሲያ መዳፍ አኖረች።
ወደ እኔ ዞረች፣ እንደ ደንቡ፦
"ከኋላህስ?"
"ከኋላዬ ማንም የለም።"

አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የምላት ቃል ናት፤
ያን ዕለት ግን ከአፌ ስትወጣ ከበደችኝ።
ቤቴ መጣ ፊቴ፦
አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር፣
ለማንም ያላባዛሁት ቁልፍ።
ሸምሲያ ሰማች። ምንም አላለች።
ዘንቢሏን አነሣች።

ጥቅምት ላይ ዘንቢሉ ቀረ።
ታኅሣሥ ላይ ከነርሶቹ ጋር እያወራች
አለፈችኝ እንጂ፣ ቀድማ ሄደች እንጂ!
ጥር ላይ፣ ጭጋጉ ገና ከረግረጉ ሳይነሣ፣
መነሻው ላይ ጠበቀችኝ፣ እጇን ዘርግታ።
"ሰደርያውን አውልቅ።"
"ለምን?"
"ዛሬ ተራዬ ነው።"
"ጉልበቴን እኮ..."
"ጉልበትህን ማን ጠየቀህ? ቀስ በል።
ከኋላህ እኔ አለሁ።"

ሮጥኩ ልበል?
ዱብ ዱብ አልኩ፣ እንደ ተፈታ ጥጃ ሳይሆን
መፈታቱን እንደሚጠራጠር በሬ።
ጀርባዬ እርቃኑን የቀረ መሰለኝ፤
ሰው እያየው ነዋ! ሲጎብጥ፣ ሲቀና።
ቦዬ ጋ ዞር ብዬ አየሁ፦
በጭጋጉ መሀል አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ
ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፣
ጀሪካን በጀሪካን መንገዱን እየለቀመች።

ተማም ባጃጁን ዳር አቆመ።
ያለ ሰደርያ ሲያየኝ ግራ ገባው መሰል፣
አንገቱን አሰገገ፦
"ታዲያ ዛሬ ከኋላው ማን አለ?"

"ጠብቅ" አልኩት ሳልቆም፣
"ትመጣለች።"